የመስቀል ወፍ የትም አልሄደም ነበር

ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ያለው ጊዜ በደጋው ኢትዮጵያ የዱር እንስሳትን ለሚከታተል ሰው ከዓመቱ ሁሉ የበለጠ ነው። ብዙ ሰው ግን ከዚህ በተቃራኒ ያስባል። ጭቃው ይድረቅ፣ ጉሙ ይነሣ፣ በጋው ይግባና ያኔ እንወጣለን ይላል። በጋው ሲገባ ሣሩ ታጭዶ ተከምሯል፣ ጫጩቶቹ ከጎጇቸው ወጥተው ተበትነዋል፣ ወንዶቹ ወፎችም ደማቁን ላባቸውን አራግፈው ከተራ ድምቢጥ የማይለዩ ሆነዋል። ዋናው ነገር ያለፈው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ሰው ቤቱ ተቀምጦ በጋን ሲጠብቅ ነው።

በነዚህ ሳምንታት አዲስ ነገር ዓይን ውስጥ ሲገባ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ለእኔ አንድ ነው። ይህ እንስሳ ከሌላ አገር መጣ? ወይስ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ነበረና አሁን ተለወጠ? ወይስ ሊሄድ እየተሰናዳ ነው? የት መቆም እንዳለብን፣ በስንት ሰዓት መውጣት እንዳለብንና ምን መጠበቅ እንዳለብን የሚወስነው መልሱ ነው።

የመስቀልን ወፍ እንውሰድ። ጠፍቶ ጠፍቶ በዓመት አንዴ ብቅ የሚል ሰው በስሙ ይጠራል፤ ወፉ ግን የትም አልሄደም ነበር። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባለው ደጋ ይህ ስም የሚሰጣቸው ወፎች ከአንድ ዓይነት በላይ ናቸው። አንዱ መላ አካሉ ጥቁር ሆኖ አናቱና አንገቱ ቀይ፣ ጅራቱ ከቀረው ሰውነቱ የሚረዝም ነው። ሌላው እንዲሁ ጥቁር ነው፤ ትከሻውና ከጅራቱ በላይ ያለው ወገቡ ግን ደማቅ ቢጫ ነው። ከእንጦጦ ጀርባ በሱሉልታ ሜዳ፣ ውሃ በሚተኛበት ሣር ላይ ደግሞ አናቱና ጀርባው ቢጫ፣ ፊቱና ሆዱ ጥቁር የሆነው ይታያል። ወደ ስምጥ ሸለቆ ስትወርዱ፣ በዝዋይና በሐዋሳ አካባቢ፣ እሳት የመሰለው ቀይና ጥቁር ወፍ በማሽላውና በደንገሉ መካከል ይታያል። ከነዚህ ሁሉ ጎን ጥቁርና ነጭ ለብሶ፣ ምንቃሩ ቀይ፣ አራት ቀጫጭን ረጃጅም የጅራት ላባዎች ያሉት ትንሽ ወፍ አለ። ጅራቱ ብቻውን ወደ 20 ሴንቲሜትር ይደርሳል፤ ሰውነቱ ከዚያ ያጠረ ነው።

ወንዶቹ በበጋ ወራት ልብሳቸው ጭረት የበዛበት ቡናማ ነው። ከሴቷም ከወጣቱም አይለዩም፤ በመንጋ ተቀላቅለው የረገፈ ዘር ይለቅማሉ፣ ማንም ልብ አይላቸውም። ዝናቡ ገብቶ ሣሩ ሲያድግ ላባቸውን ይቀይራሉ። አዲስ አበባ ላይ የቀኑ ርዝመት በዓመት ውስጥ የሚለዋወጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ እንደ አውሮፓ ወፎች የፀሐይን መርዘም አይተው የሚነሡ አይደሉም፤ የሚያንቀሳቅሳቸው ዋነኛው ነገር ዝናብና ለምለም ሣር ነው። ስለዚህ ዝናቡ የዘገየበት ዓመት ላይ ወፉም ይዘገያል። መስከረም 17 ላይ ግማሽ ቡናማ ግማሽ ጥቁር የሆነ፣ ጅራቱ ገና ያልወጣ ወንድ ካያችሁ ወፉ ታሞ አይደለም፤ ክረምቱ ዘግይቶ ስለገባ ነው።

በመስቀል ሰሞን መሆኑም ምክንያት አለው። ጫጩቶቹ የሚበሉት ዘር ገና እሸት የሚሆነው፣ ጎጆውን የሚሸሽገው ሣርም ጉልበት ድረስ የሚደርሰው በዚሁ ጊዜ ነው። ወንዱ በሕይወት ያለውን ሣር ሳይቆርጥ እያጣመመ የጎጆውን ቅርጽ ይሠራል፤ ሴቷ ውስጡን በለስላሳ የሣር ራስ ትለብጠዋለች። ከ2 እስከ 4 እንቁላል ትጥላለች፣ ሁለት ሳምንት ገደማም ብቻዋን ትታቀፋለች። ወንዱ በዚያን ጊዜ ክልሉን እየጠበቀ ሌላ ሴት ይጠራል። ሜዳው ላይ አንድ ጥቁር ወንድ ብቻ ካያችሁ በዙሪያው ሣር ውስጥ ብዙ ሴቶች ሊኖሩ እንደሚችሉ አስቡ።

ለማየት የሚያስፈልገው ትዕግሥትና ትክክለኛ አቋቋም ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ከሜዳው በስተምሥራቅ ቁሙ፤ ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሆናለች፣ ቀለሙም በትክክል ይታያል። በተቃራኒው ከቆማችሁ ሁሉም ወፍ ጥቁር ነው፣ ቀዩም ቢጫውም አይለይም። መንገድ ዳር ወይም አጥር ጥግ ሆናችሁ ለ30 ደቂቃ ያህል ሳትንቀሳቀሱ ጠብቁ። ወንዱ ደጋግሞ የሚያርፍባቸው ከሌላው ከፍ ያሉ ሁለት ሦስት አገዳዎች አሉት፤ እነሱን ካወቃችሁ መነጽራችሁን እዚያው አነጣጥሩ። ሴቷ በምንቃሯ ሣር ወይም ምግብ ይዛ በተደጋጋሚ አንድ ቦታ ላይ ከሰመጠች ጎጆው እዚያ ነው። ወደዚያ አትሂዱ። ሣር ውስጥ የሚገባ ሰው የሚተወው ዱካ ለድመትና ለውሻ መንገድ ይሆናል፤ ጎጆው ሳይነካ እንኳን በማግስቱ ባዶ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሣሩን የሚያጭዱ ገበሬዎችና የግቢ ባለቤቶች ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል። የድርቆሽ አጨዳ ከመስቀል በፊት ሲጀመር እንቁላሉም ጫጩቱም ከሣሩ ጋር ይሄዳል። ማዘግየት የማይቻል ከሆነ ሁለት ነገር ይረዳል። አንደኛው ከሜዳው መሐል ጀምሮ ወደ ዳር እየሰፉ ማጨድ ነው፤ መብረር የጀመሩት ጫጩቶች ወደ ዳር መሸሻ ያገኛሉ። ከዳር ጀምሮ ወደ መሐል ከታጨደ ግን ሁሉም መሐል ላይ ይታፈናሉ። ሁለተኛው በአጥሩና በቦዩ ዳር ሁለት ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሣር እስከ ጥቅምት መጨረሻ ሳይታጨድ መተው ነው። ከዚህ የሚታጣው ድርቆሽ ጥቂት ነው።

ባለ ረጅም ጅራቱ ጥቁርና ነጭ ወፍ ከሌሎቹ ይለያል፤ ጎጆ የሚባል ነገር አይሠራም። ሴቷ እንቁላሏን የምትጥለው ምንቃራቸው ቀይ በሆነ፣ በመንጋ በሚዞሩ ጥቃቅን የሣር ወፎች ጎጆ ውስጥ ነው። የባለጎጆዋን እንቁላል አውጥታ አትጥለውም፤ የራሷን ትጨምርበታለች፣ ጫጩቶቹም አብረው ያድጋሉ። ስለዚህ ይህን ወፍ የምትፈልጉ ከሆነ መጀመሪያ ትንንሾቹን የሣር ወፎች ፈልጉ። እነሱ ባሉበት አጥር ላይ ወንዱ ይገኛል፤ ሴት ስትመጣም ከፊቷ አየር ላይ እንደቆመ ጅራቱን ወደ ላይ ወደ ታች ሲያስደንስ ይታያል። ለዚህ ከከተማ መውጣት እንኳን አያስፈልግም፤ ሣር ያልታጨደበት ሰፊ ግቢ ይበቃል።

በቀለሙ የተነሣ ብዙ ሰው ከመስቀል ወፍ ጋር የሚያደባልቀው ሌላ ወፍም አለ። በደጋ ሜዳ መሬት ላይ የሚራመድ፣ ጉሮሮው ቢጫ፣ ከሥሩ ጥቁር ማተብ ያለው፣ ጀርባው ቡናማ የሆነ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኝም። አደይ አበባ መሐል ሲቆም ዓይን ይስተዋል፤ የሚለየው ግን የላባውን ቀለም ስለማይቀይር ነው፣ በጥርም በመስከረምም ያው ነው።

አደይ አበባው ራሱ የነፍሳትና የንብ ሰዓት ነው። አበባው ከመፈንዳቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የንብ መንጋ መክፈል ይጀምራል፤ ከቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚታየው የንብ ክምር ቤት እየፈለገ ነውና ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሰዓት እስከ አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ይነሣል። በዚያ ሁኔታ የሚጠብቀው ማርና እጭ ስለሌለው ካልነኩት በስተቀር ቁጡ አይደለም። ንብ አናቢዎች ቀፎውን አጽድተው፣ በጥሩ ሽታ አጥነው ዛፍ ላይ የሚሰቅሉት ለዚህ ጊዜ ነው። አበባው ከፈነዳ በኋላ የሚሰቀል ቀፎ ብዙ ጊዜ ባዶ ይቀራል። የደጋው ዋና ማር ቆረጣ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር የሚሆነው ንቡ ከአደይ የሰበሰበውን አብስሎ በሰም እስኪደፍነው ስለሚጠበቅ ነው። ያልተደፈነ ማር ውሃው ብዙ ነው፣ ይቦካል።

ከፍ ባለው ደጋ፣ በዓለት ዳርና በረግረግ ጠርዝ ላይ፣ እንደ ችቦ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ብርቱካናማና ቢጫ አበቦችን እዩ። እነሱ ካበቡ አበባ ቀሳሚ ወፎች አይጠፉም። የተከዜን ስም የያዘው ዓይነት ከሩቅ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ሐምራዊ ያብለጨልጫል። አበባው ከታች ወደ ላይ ነው የሚፈነዳው፤ ስለዚህ የታችኛው ረድፍ ገና እንደተከፈተ ያለውን ምረጡና አጠገቡ ቁሙ። ጫፉ ድረስ የተከፈተው ወለላው አልቋል፣ ወፉም አይመለስበትም።

አሁን ሊሄድ ወደተሰናዳው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ከሆለታ አልፎ በአዲስ ዓለም አቅጣጫ ባለው የበርጋ ረግረግ ላይ በክረምት የምትራባ፣ ርዝመቷ 15 ሴንቲሜትር እንኳን የማይሞላ ትንሽ የረግረግ ወፍ አለች። በእንግሊዝኛ ስሟ ፍላፍቴል ትባላለች፤ ክንፏ ላይ ስትበር ብቻ የሚታይ ነጭ ምልክት አላት። በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት ከቀሩት ወፎች አንዷ ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ በተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ ገብታለች። የምትራባው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ እንደሆነ ይታመን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ደቡብ አፍሪካ ውስጥም እንደምትራባ ተረጋገጠ። በርጋ ላይ የምትደርሰው ክረምቱ ሲጠነክር ነው፤ በነሐሴ ትራባለች፣ መስከረም ሲያልቅ አትገኝም።

ስለ እሷ የምጽፈው ሄዳችሁ እንድትፈልጓት አይደለም። ጎጆዋ በረግረጉ ሣር ሥር፣ ውሃው ላይ ነው፤ አንድ ሰው ረግረጉ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቢሄድ እንቁላል ረግጦ ሳያውቅ ያልፋል። ከብት ቀድሞ ከገባበትም ውጤቱ ያው ነው። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከበርጋ ነዋሪዎች ጋር ሲሠራ የቆየው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሣሩን የሚጠብቁትም የሚጠቀሙበትም እነሱ ናቸው። በዚያ በኩል የምታልፉ ከሆነ ከመንገድ ዳር ሆናችሁ የሜዳውን ሣር ከፍታ እዩ። በነሐሴ መጨረሻ ሣሩ ከቁርጭምጭሚት በታች ከሆነ በዚያ ዓመት ወፏ ቤት አላገኘችም ማለት ነው። እሷን ሳያዩ ስለ እሷ ማወቅ የሚቻልበት ከዚህ የተሻለ ምልክት የለም።

የክረምት መውጫ ጭቃ ለአጥቢ እንስሳት ዱካ የሚሰጠውን ዕድል በጋው አይሰጥም። እንጦጦ ላይ፣ በመናገሻ ሱባ ደን፣ በማንኛውም ጫካ ዳር ባለ የእግር መንገድ ላይ ዝናብ ካባራ በኋላ ያለው ጠዋት ይመረጣል። መጀመሪያ ጥፍሩን እዩ። ጥፍር ያለው ባለ አራት ጣት ዱካ የውሻ ወይም የጅብ ነው፤ ጥፍር የሌለው የድመት ወገን ነው። የጅብ የፊት እግር ከኋላው ጎልቶ ይታያል፣ ርዝመቱም ወደ 10 ሴንቲሜትር ይጠጋል፤ ከጣቶቹ ኋላ ያለው መዳፍ ደግሞ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው። የውሻው ሁለቱ ጎኖቹ እኩል ናቸው። ድኩላና ሚዳቋ ሁለቱም ሹል ሰኮና ያላቸው ናቸው፤ የሚዳቋዋ ትንሽና ጠባብ ነው። ስትለኩ የጭቃውን ከንፈር ሳይሆን የዱካውን ወለል ለኩ። ለስላሳ ጭቃ ወደ ውጭ ስለሚገፋ ከንፈሩ ከእውነተኛው እግር በጣም ሰፍቶ ይታያል፤ ውሻን ነብር የሚያስመስለው ይኸው ነው።

ሰዓቱንም ማወቅ ይቻላል፣ ይህ በጣም የምወደው የሥራው ክፍል ነው። ማታ ዝናቡ በስንት ሰዓት እንዳባራ መዝግቡ። ጠዋት ዱካው ወለል ላይ የዝናብ ጠብታ የሠራቸው ጥቃቅን ጉድጓዶች ካሉ እንስሳው ያለፈው ከዝናቡ በፊት ነው። ወለሉ ልሙጥ፣ ጠርዙ ስለት ከሆነ ከዝናቡ በኋላ ነው። ጠርዙ ልሙጥ ሆኖ ውሃ ካቆረ ዝናቡ እየዘነበ ሳለ አልፏል። ሦስት አራት ጠዋት በተከታታይ እንዲህ ከተነበበ ጅቡ በየትኛው ሰዓት በየት በኩል ወደ ሰፈር እንደሚገባ ግልጽ ይሆናል።

ጥርኝም በዚህ ጊዜ ራሷን ታሳውቃለች። ሌሊት ብቻ ስለምትንቀሳቀስ ማየት ይቸግራል፤ ግን ኩሷን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው የምትጥለው። ከጫካ መንገድ ዳር የተከመረ፣ ለእንስሳዋ መጠን የማይመጥን ወፍራም ኩስ ካያችሁ በእንጨት ገለጥ አድርጉት። በውስጡ የሚያብለጨልጭ የጢንዚዛ ቅርፊት፣ የሺህ እግር ቀለበት፣ የዱር ፍሬ ዘርና ሣር ይገኛል። ሺህ እግርን አብዛኛው እንስሳ በመርዙ ይሸሸዋል፤ ጥርኝ ግን ትበላዋለች፣ ቀለበቱም ኩሱን ከሌላ እንስሳ ኩስ ይለየዋል። ደረቁ ወቅት እየገፋ ሲሄድ የነፍሳቱ ቅርፊት እየቀነሰ ይመጣል። በእጅ አትንኩ።

ከዚህ በኋላ እንግዶቹ ናቸው። መጀመሪያ የሚታወቁት ከብት ሥር ሥር የሚሮጡት፣ ጅራታቸውን ወደ ላይ ወደ ታች የሚወዘውዙት ቢጫ ወፎች ናቸው። ክብደታቸው 20 ግራም አይሞላም፤ የተወለዱት ከአውሮፓ እስከ ሳይቤሪያ በተዘረጋው ሜዳ ላይ ነው። በጳጉሜን ጥቂቶች ይታያሉ፤ በመስከረም አጋማሽ እርጥብ ግጦሽ ባለበት ሁሉ በደርዘን ይቆጠራሉ። ከብት የሚከተሉበት ምክንያት ቀላል ነው፤ የበሬው እግር ዝንቡንና ፌንጣውን ያስነሣላቸዋል። ባዶ ሜዳ ላይ አትፈልጓቸው፣ ከብት ያለበት ሂዱ። መጀመሪያ ሲደርሱ ብዙዎቹ የዓመቱ ወጣቶች ስለሆኑ ቢጫው ደብዛዛ ነው፤ ደማቁ ቢጫ የሚመጣው በመጋቢት፣ ሊመለሱ ሲሉ ነው። በዚህ የተነሣ መስከረም ላይ ግራጫ መስላ የታየችውን ወፍ ሌላ ዓይነት ናት ብለው የሚመዘግቡ ብዙ ናቸው። በወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ ያለው ግራጫና ነጭ ጅራተ ወዝዋዥ ደግሞ የአገሬው ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ከውሃው አይርቅም።

በታረሰ መሬትና በድንጋይ ክምር ላይ ቀጥ ብለው የሚቆሙ፣ ሲበሩ ከጅራታቸው በላይ ነጭ የሚያበሩ ወፎች ከመስከረም ወዲህ ይበረክታሉ። ዓይነታቸውን የሚለየው ሲቆሙ የሚታየው ቀለም አይደለም፤ ሲነሡ ጅራታቸው ላይ ያለው ነጭና ጥቁር አከፋፈል ነው። ስለዚህ ፎቶ ማንሣት የምትፈልጉ ካላችሁ የቆመውን ትታችሁ የሚነሣውን አንሡ።

ጭልፊትም ታታልላለች። አዲስ አበባ ላይ የለመድናት ጭልፊት ምንቃሯ ቢጫ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ምንቃራቸው ጥቁር የሆነ እንግዶች ይቀላቀላሉ። ነገር ግን የአገሯ ጭልፊት ልጅም ምንቃሯ ጥቁር ነው። ጥቁር ምንቃር ያየ ሁሉ እንግዳ አየሁ ብሎ እንዳይቸኩል፤ ደረቷ ላይ ነጣ ነጣ ያሉ ጭረቶች ካሉ ገና ወጣት ናት፣ ዕድሜዋ ሳይታወቅ አገሯ አይታወቅም።

ንስሮቹ ይዘገያሉ፤ ዋናው ጊዜያቸው ጥቅምትና ኅዳር ነው። ትልልቅ አዳኝ ወፎች ክንፋቸውን እያርገበገቡ ሩቅ መሄድ ስለሚከብዳቸው ከመሬት በሚነሣ ሞቃት አየር ላይ ይንሳፈፋሉ። ባሕር ላይ ያ አየር የለም። ስለዚህ ከእስያ የሚመጡት ቀይ ባሕር በሚጠብበት በባብ ኤል መንደብ በኩል ይሻገራሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 መጸው ጅቡቲ በኩል በተደረገ ቆጠራ ከ240 ሺህ በላይ አዳኝ ወፎች ተቆጥረዋል። ከእነዚያ መካከል በብዛት ከሚያልፉት አንዱ በእንግሊዝኛ ስቴፕ ኢግል የሚባለው ንስር ነው፤ በአፋር በኩል አልፎ ወደ ደጋው ይወጣል። ከአገራችን ቡናማ ንስር የሚለይበት አንድ አስተማማኝ ነገር አለ። የአፉ ቢጫ መስመር ከዓይኑ ኋለኛ ጠርዝ ድረስ ይዘልቃል፤ የአገሩ ንስር መስመር ከዓይኑ መሐል ላይ ይቆማል። ለዚህ ወፉ መቆም አለበት። ሲበር ከሆነ የክንፉን ሥር እዩ፤ የእንግዳው ወጣት በክንፉ መሐል ርዝመት ሰፊ ነጭ ሰረዝ አለው።

በእስራኤል የምትኖሩ አንባቢዎች ይህን ጉዞ ከእኛ ቀድማችሁ ማየት ትችላላችሁ። ነጭ ሽመላ በነሐሴ አጋማሽና በመስከረም መጀመሪያ በሰማያችሁ በሺህ ይዞራል፤ ወደ መስከረም አጋማሽና መጨረሻ ላይ ደግሞ «ትንሹ ነጠብጣብ ንስር» ከሚባለው ዓይነት በዓለም ካለው አብዛኛው በእናንተ በኩል ያልፋል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ መሬቱ ሞቆ አየሩ ሲነሣ ነው የሚታዩት፤ በማለዳ መውጣት ለዚህ አይጠቅምም።

ወደ ባሌ የሚሄድ ሰው በጋይሳይ ሜዳ የደጋ አጋዘን ግልገሎች የሚወለዱበት ዋና ጊዜ ከመስከረም እስከ ኅዳር መሆኑን ይያዝ። እናቲቱ ግልገሏን ቁጥቋጦ ውስጥ አስተኝታ ትግጣለች። ከመንጋው ተለይታ የቆመች፣ ስትቀርቧት ጥቂት ብቻ ፈቀቅ ብላ ወደ አንድ ቦታ ደጋግማ የምታይ ሴት አጋዘን ግልገል አላት፤ ሳትጠጉ ከዚያው ወደ ኋላ ተመለሱ። በሳነቴ አምባ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ያለው ቀይ ቀበሮ ደግሞ ከነሐሴ እስከ ኅዳር የሚገናኝበት ጊዜ ነው። እርግዝናው 2 ወር ገደማ ስለሆነ ቡችሎቹ ከጥቅምት ጀምሮ ይወለዳሉ። በመስከረም የሚታየው ምልክት ማለዳና ማታ ቤተሰቡ አንድ ላይ ሆኖ የክልሉን ድንበር መዞሩ ነው፤ ድንጋይና ሣር ላይ ሽንታቸውን እየረጩ፣ ከጎረቤት መንጋ ጋር ፊት ለፊት ሲገናኙ እየጮኹ። ቀን ላይ እያንዳንዱ ለብቻው የፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ ተጋድሞ ይጠብቃል። ፍልፈሉ ራሱን ብቻ አውጥቶ ሣር ጎትቶ ይመለሳል፤ ትኩስ እርጥብ አፈር የወጣበት ጉድጓድ ባለበት ቀበሮው ሩቅ አይደለም።

በመንዝ ጓሳና በሰሜን ተራሮች ጭላዳው ራሱ የክረምቱን መውጣት ያሳያል። ሣሩ ለምለም እስከሆነ ድረስ ቁጭ ብሎ ቅጠሉን በጣቱ እየነጨ ይበላል። ሣሩ ሲደርቅ ሥሩን መቆፈር ይጀምራል። የተቧጠጠ፣ አፈሩ የተገለበጠ ትንንሽ መሬት መታየት ከጀመረ ለጭላዳው ክረምቱ አልቋል፤ ይህ በየዓመቱ ቀኑ ይለያያል።

ስለ መሣሪያ ጥቂት። መነጽር ሲገዛ 8 በ42 የሚለው (8 እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት ሌንሱ 42 ሚሊሜትር የሆነ) ለዚህ ወቅት ከ10 በ42 ይሻላል፤ ጉም ውስጥ ብርሃን ይሰጣል፣ እጅ ሲንቀጠቀጥም ምስሉ አይረበሽም። ሌንሱ ላይ ጭቃ ከተረጨ በሶፍት አትጥረጉ፤ አሸዋው ሽፋኑን ይቧጥጠዋል። በውሃ አርጥባችሁ አስለቅቁትና በመነጽር ጨርቅ አድርቁት። ክረምት ላይ መነጽርን የሚገድለው ሻጋታ ነው፤ ከጉዞ በኋላ እርጥብ ቦርሳው ውስጥ አትተዉት፣ ከእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጋር በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት። የወፍ ድምፅ በስልክ እያጫወቱ መጥራት በዚህ ወቅት መቅረት ያለበት ነገር ነው፤ ወንዱ ባላጋራ መጣ ብሎ ክልሉን ለመከላከል ሲሯሯጥ ጎጆው ይራቆታል።

ማስታወሻ በእርሳስ ያዙ፣ ቀለም በዝናብ ይፈሳል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ የሣሩን ቁመት በጉልበት ወይም በቁርጭምጭሚት ለክታችሁ፣ ዝናቡ መጨረሻ የጣለበትን ሰዓት ጻፉ። የመጀመሪያውን ቢጫ ጅራተ ወዝዋዥ፣ የመጀመሪያውን ሙሉ ጥቁር ወንድ፣ የመጀመሪያውን የአደይ ፍንዳታ በቀናቸው መዝግቡ፤ የመጨረሻውንም እንዲሁ፣ እሱን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከውጭ አገር መዝገብ ጋር የምታስተያዩ ከሆነ ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን ከእሷ ቀጥላ የምትመጣው መስከረም 1 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 እንደምትውል አትርሱ። የዓመታት ልዩነት ሲፈለግ አንድ ቀን የሚሳተው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።